የነባር ተጠባባቂ ሯጭ ዋጋ እንዴት ይመዘናል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሰውን ድካም በቁጥር መተርጎም ከባድ ሥራ መሆኑን መዝገብ የሚይዝ፣ ደመወዝ የሚወስንና የሥራ መመዘኛ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ከቁጥሩ የሚወጣው ፍርድ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለአንዱ ሥራ የተበጀው መለኪያ ለሌላው ሥራ ሲውል ነው። ለዚህ ንግግር የተመረጠው ምሳሌ ከአባላቱ የዕለት ተግባር የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም በአሜሪካ ፉትቦል ውስጥ ዕድሜው የገፋ፣ የቋሚ ተሰላፊነቱን ቦታ ለወጣት ያስረከበና በተጠባባቂነት የቀረ ሯጭ ለቡድኑ ያለው ዋጋ ነው። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ እርምጃ ስለሚቆጠር፣ ለተጫዋቹ የሚከፈለውም ገንዘብ በአደባባይ ስለሚታወቅ፣ የመመዘን ችግር እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት መስክ ጥቂት ነው።

ጨዋታው በኢትዮጵያ የማይዘወተር ስለሆነ ስለ አካሄዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። በሁለቱ የግብ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 100 ያርድ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱ ለባላጋራው ያልፋል። ኳሱን ይዞ የባላጋራውን የግብ መስመር የተሻገረ ቡድን ተችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ 6 ነጥብም ይያዝለታል። ኳሱን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። የማጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ ሲሆን፣ ኳሱን ወይ ወደ ፊት ይወረውራል፣ ወይም አጠገቡ ለቆመው ሯጭ ያስረክባል። ይህ ሯጭ በጨዋታው ቋንቋ ረኒንግ ባክ ይባላል።

የሯጩ ሥራ ግን ስሙ እንደሚያመለክተው መሮጥ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ኳሱን ተቀብሎ ግዙፋን ተከላካዮች በተሰለፉበት መካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ኳርተርባኩ የወረወረለትን ኳስ ይቀልባል። ሦስተኛ፣ ኳርተርባኩ ለመወርወር ሲዘጋጅ ድንገት ዘልቆ የሚመጣውን ተከላካይ በገዛ አካሉ ያግዳል። የመጀመሪያው ሥራ ለተመልካች ሁሉ ይታያል፤ በመዝገብም ይሰፍራል። የመጨረሻው ግን ሲሳካ ማንም ልብ የማይለው፣ ሳይሳካ ሲቀር ግን ኳርተርባኩን በሬሳ ሣጥን እስከ ማስወጣት ባይደርስም በቃሬዛ ሊያስወጣ የሚችል ነው። በዚህ ላይ ሯጩ በየሙከራው ስለሚጋጭ አካሉ ከሌሎቹ ተጫዋቾች ፈጥኖ ያረጃል። በሙያው ሰዎች ዘንድ 30 ዓመት ለሯጭ የእርጅና በር ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። እያንዳንዱ ቡድን በመዝገቡ 53 ተጫዋቾችን ብቻ መያዝ ስለሚፈቀድለት፣ ያረጀ ሯጭ የሚይዛት አንዲት ቦታ ሁልጊዜ ጥያቄ የሚነሣባት ናት።

ጥያቄው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2004 ፒትስበርግ ስቲለርስ የተባለው ቡድን ከኦክላንድ ሬይደርስ ጋር የዓመቱን የመጀመሪያ ግጥሚያ አድርጎ 24 ለ 21 አሸነፈ። በዚያን ቀን የፒትስበርግ ቋሚ ሯጭ ሆኖ የተሰለፈው በዚያው ዓመት ከፊላደልፊያ የመጣው ዱስ ስቴሊ ነበር። ለብዙ ዓመታት ያንን ቦታ ይዞ የኖረው ጀሮም ቤቲስ ደግሞ በ32 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ ነበር። ቤቲስ በግጥሚያው ውስጥ 5 ጊዜ ብቻ ሮጠ። የ5ቱ ሩጫዎች ድምር 1 ያርድ ነው። ከ5ቱ ሩጫዎች ሦስቱ ግን ተችዳውን ሆኑ። እንግዲህ መዝጋቢው በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ጻፈ፦ 1 ያርድ፤ 18 ነጥብ። በመጀመሪያው ቁጥር የሚፈርድ ሰው ተጫዋቹ ምንም አልሠራም ይላል። በሁለተኛው የሚፈርድ ደግሞ ግጥሚያውን ያሸነፈው እርሱ ነው ይላል። ሁለቱም የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

ጀሮም ቤቲስ በ1972 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። በ1993 ለሎስ አንጀለስ ራምስ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,429 ያርድ ሮጠ፤ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ለፒትስበርግ ተጫወተ። ክብደቱ ከ110 ኪሎ በላይ ስለነበረና ተከላካዮችን እያንጠለጠለ ወደ ፊት ይገፋ ስለነበረ “አውቶቡሱ” የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። በ13 ዓመት አገልግሎቱ 13,662 ያርድ ሮጦ በ2015 በጨዋታው የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፍሯል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን በዝና ያሳለፋቸው ዓመታት አይደሉም። ጉዳዩ ፍጥነቱ ከተለየው በኋላ ያሉት ሁለት የመጨረሻ ዓመታት ናቸው፤ የመመዘኛው ብቃትም የሚፈተነው በእነርሱ ነው።

ስለ መለኪያዎቹ መጀመሪያ የሚነሣው ከሁሉ የቀደመው፣ ይኸውም የያርዱ ጠቅላላ ድምር ነው። ይህ ድምር የሚለካው ተጫዋቹ ስንት ጊዜ ኳስ እንደተሰጠው ጭምር ስለሆነ ለተጠባባቂ መመዘኛ ሊሆን አይችልም። ተጠባባቂ ማለት ኳስ እምብዛም የማይሰጠው ማለት ነውና። ሁለተኛው መለኪያ አማካዩ፣ ማለትም ድምሩ ለሩጫው ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን አማካይ ሁሉንም ሩጫ እኩል አድርጎ ይቆጥራል። በሜዳው መካከል፣ ተከላካዮቹ ተበታትነው ሳሉ የተሮጠ ሩጫና ከግብ መስመሩ በአንድ ያርድ ርቀት፣ 11ዱም ተከላካዮች በአንድ ላይ ተጨናንቀው ሳሉ የተሮጠ ሩጫ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ከግብ መስመሩ በአንድ ያርድ ርቀት የቆመ ሯጭ ግን ቢበዛ ሊያገኝ የሚችለው አንድ ያርድ ነው። ሥራውን ፍጹም አድርጎ በሠራ ቁጥር አማካዩ ይወርዳል። ጠባብ በር የሚጠብቀውን ዘበኛ ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዝህ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ከዚህ የሸሸ መዛኝ ወደ ተችዳውኑ ቁጥር ቢሄድ ደግሞ ወደ ሌላው ስሕተት ይወድቃል። ቡድኑ ኳሱን 70 ወይም 80 ያርድ ገፍቶ ግብ መስመሩ አጠገብ ያደረሰው በኳርተርባኩ ክንድ፣ በቀላቢዎቹ እግርና በቋሚው ሯጭ ድካም ነው። የመጨረሻዋን አንድ ያርድ የረገጠው ሰው 6ቱን ነጥብ ብቻውን ጠቅልሎ ሊወስድ አይገባውም። ይህን ክፍፍል በሒሳብ ለመፍታት ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ የተገኘው ከራሱ ከሜዳው ነው። የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ኳርተርባክ የነበረው ቨርጂል ካርተር ከሮበርት ማኮል ጋር ሆኖ በ1971 “ኦፕሬሽንስ ሪሰርች” በተባለው የሙያ መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። በ1969 የውድድር ዘመን በመጀመሪያዎቹ 56 ግጥሚያዎች የተደረጉ 8,373 ሙከራዎችን መርምረው፣ ኳሱ በሜዳው ላይ በሚገኝበት በእያንዳንዱ ስፍራ ለያዘው ቡድን በአማካይ ስንት ነጥብ ሊያስገኝለት እንደሚችል አሰሉ። ከዚህ ሐሳብ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ሙከራ ከግብ መስመሩ በአንድ ያርድ ርቀት የቆመ ቡድን ገና ሳይሮጥ ብዙ ነጥብ በእጁ እንዳለ ይቆጠራል። ሯጩ ቢሳካለት የሚጨምረው ቀሪውን ጥቂት ነው፤ ባይሳካለት ወይም ኳሱን ቢጥል ግን የሚያጠፋው የሁሉንም ድካም ነው። ስለዚህ የዚህ ሯጭ ዋጋ በይበልጥ የሚታየው ሌሎቹ ያከማቹትን እንዳይባክን በመጠበቁ ነው።

ከዚህ ሐሳብ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ቀለል ያለ መለኪያም በሰፊው ይሠራበታል። ይኸውም እያንዳንዱን ሩጫ “ተሳካ” ወይም “አልተሳካም” ብሎ መመዝገብ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ከሚፈለገው ርቀት 40 በመቶ ያህሉ፣ በሁለተኛው 60 በመቶው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ ሙሉው ከተገኘ ሩጫው ተሳክቷል ይባላል። በዚህ ሚዛን በሦስተኛ ሙከራ 1 ያርድ ሲፈለግ የተገኘ 2 ያርድ ድል ነው፤ በሦስተኛ ሙከራ 10 ያርድ ሲፈለግ የተገኘ 7 ያርድ ግን ሽንፈት ነው። አማካዩ የሚያደንቀው ሁለተኛውን ነበር። ረጅም ሩጫ በመሮጥ የማይታወቀው፣ ነገር ግን የተጠየቀውን ሳያጓድል የሚያቀርበው ነባር ተጫዋች ፍትሕ የሚያገኘው በዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ነው።

አሁን ወደ 2005 የውድድር ዘመን እንመለስ ቢባል፣ ፒትስበርግ ውስጥ የሚገኘው ሥዕል ይህ ነው። ቋሚው ሯጭ በምልመላ ማንም ያልመረጠው ፈጣኑ ወጣት ዊሊ ፓርከር ሆነ። ፓርከር 255 ጊዜ ሮጦ 1,202 ያርድ አገኘ፤ አማካዩ 4.7 ያርድ ነው። ቤቲስ 110 ጊዜ ሮጦ 368 ያርድ አገኘ፤ አማካዩ 3.3 ያርድ ነው። በአማካዩ ብቻ የሚፈርድ ሒሳብ ሠራተኛ እነዚያ 110 ሩጫዎች ለፓርከር ተሰጥተው ቢሆን ኖሮ ቡድኑ 150 ያርድ ያህል ትርፍ ያገኝ ነበር ብሎ ይደመድማል። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ፓርከር 4 ተችዳውን ሲያስቆጥር ቤቲስ 9 አስቆጥሯል። ልዩነቱ ሁለቱ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠሩ እንደነበር ይመሰክራል። አንዱ ሜዳውን ይከፍታል፤ ሌላው በሩን ይዘጋል። ከዚህም በላይ በአሜሪካ ፉትቦል ሯጭ በሜዳው ውስጥ ሲወድቅ ሰዓቱ መቁጠሩን አያቆምም። የሚመራ ቡድን በግጥሚያው መጨረሻ የሚፈልገው ሰዓቱ እንዲያልቅ ነው። በዚያን ጊዜ ኳሱን ሳይጥል 3 ያርድ የሚገፋ ሯጭ ለቡድኑ ጊዜን እየገዛለት ነው፤ የገዛው ጊዜ ግን በያርድ መዝገብ ውስጥ የትም አይገኝም።

ቡድኑ በዚያ ዓመት ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ሦስት ግጥሚያ በተከታታይ ተሸንፎ 7 ድልና 5 ሽንፈት ይዞ ነበር። ዲሴምበር 11 ቀን በበረዶ በተሸፈነ ሜዳ ከቺካጎ ቤርስ ጋር ተጋጠመ። ቺካጎ በዚያ ዓመት ከሁሉም ቡድኖች ይልቅ ጥቂት ነጥብ የተቆጠረበት ቡድን ነበር። ፈጣን እግር በሚከዳበት በዚያ በረዶ ላይ ቤቲስ 17 ጊዜ ሮጦ 101 ያርድና 2 ተችዳውን አስመዘገበ፤ ፒትስበርግም 21 ለ 9 አሸነፈ። ከዚያም በኋላ ቡድኑ በዓመቱ ውስጥ አልተሸነፈም። ተጠባባቂ የሚያዝበት ምክንያት በሌላ ቀን ሳይሆን እንደዚህ ባለው ቀን ይታወቃል። ዓመቱን ሙሉ ሲታይ ትርፍ የሚመስል ዕቃ፣ አንድ ቀን ብቻ ሲፈለግ ምትክ የማይገኝለት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሚዛን ለወዳጅ አያዳላምና የተቃራኒውም ቀን መነገር አለበት። ጃንዋሪ 15 ቀን 2006 ፒትስበርግ በኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሜዳ 21 ለ 18 እየመራ፣ ግጥሚያው ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ሲቀረው፣ ከባላጋራው ግብ መስመር በ2 ያርድ ርቀት ላይ ኳሱን አገኘ። ኳሱ ለቤቲስ ተሰጠ። ጋሪ ብራኬት የተባለው ተከላካይ ሲመታው ኳሱ ከእጁ ፈተለከ፤ ኒክ ሃርፐርም አንሥቶ ወደ ሌላው ግብ ሮጠ። ኳርተርባኩ ቤን ሮትሊስበርገር እየወደቀ እግሩን ባይይዘው ኖሮ ሃርፐርን የሚያቆመው ሰው አልነበረም። ኢንዲያናፖሊስ እስከ መጨረሻው ደርሶ ግጥሚያውን እኩል የሚያደርግ የ46 ያርድ ምት ቢሞክርም መቺው ማይክ ቫንደርጃግት ሳተ። ፒትስበርግ አለፈ። ኳሱ ምሰሶዎቹን አልፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ያረጀን ሰው በዚያ ሰዓት ማመን ሞኝነት ነበር በተባለ ነበር። ነገር ግን የቤቲስ ዋጋ በቫንደርጃግት ምት አቅጣጫ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ አይችልም። ውሳኔው የሚመዘነው ከውጤቱ በፊት በነበረው ዕውቀት ነው። ከአንድ ቀን ክፉ ዕድል ፍርድ የሚያወጣ መዛኝ፣ ከአንድ ቀን መልካም ዕድል ሐውልት ከሚያቆመው የተሻለ አይደለም።

ቡድኑ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2006 በዲትሮይት፣ ማለትም በቤቲስ የትውልድ ከተማ፣ ሲያትል ሲሆክስን 21 ለ 10 አሸንፎ የሱፐር ቦውል ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ግጥሚያ ፓርከር 75 ያርድ በአንድ ጊዜ ሮጦ ተችዳውን ሲያስቆጥር፣ ቤቲስ 14 ጊዜ ሮጦ 43 ያርድ ብቻ አገኘ። በማግሥቱ የተጻፈው ታሪክ የቤቲስ ወደ አገሩ መመለስ ነበር። ታሪኩ ያማረ ነው፤ መዛኝ ግን ከማማሩ የተነሣ ቁጥሩን ማሻሻል የለበትም። የዚያን ቀን ሜዳውን የከፈተው ፓርከር ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ሊሰማ ይገባል። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ ሯጩ ማንም ይሁን ማን፣ መንገዱን የሚከፍቱለት ከፊቱ የተሰለፉት አምስት የፊት መስመር ተጫዋቾች ናቸው፤ ስለዚህ ነባሩም ወጣቱም በሌላ ሊተካ ይችላል። ይህን ተቃውሞ የሚደግፍ ብርቱ ማስረጃ አለ። ሎስ አንጀለስ ራምስ በ2018 ለቋሚ ሯጩ ለቶድ ገርሊ የ4 ዓመትና የ60 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ውል ፈረመ። በዲሴምበር ገርሊ ጉልበቱን ሲታመም ቡድኑ በዚያው ዓመት ሁለት ቡድኖች ያሰናበቱትን ሲ. ጄ. አንደርሰንን ቀጠረ። አንደርሰን በሁለት ግጥሚያ 167 እና 132 ያርድ ሮጠ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2019 ከዳላስ ካውቦይስ ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ደግሞ እርሱ 123፣ ከሕመሙ የተመለሰው ገርሊ 115 ያርድ ሮጡ። በ60 ሚሊዮን ዶላር የተዋዋለውና ሥራ ፈት ሆኖ የተገኘው ሰው ከአንድ መስመር ኋላ ሲሮጡ ልዩነታቸው 8 ያርድ ሆነ፤ ያውም ለሥራ ፈቱ የሚያደላ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ሥራው የአምስቱ የፊት መስመር ሰዎች ኅብረት ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቶ በሱፐር ቦውል ኒው ኢንግላንድ ፓትርየትስ መንገዱን ሲዘጋ አንደርሰን በ7 ሩጫ 22 ያርድ ብቻ አገኘ፤ ቡድኑም 13 ለ 3 ተሸነፈ።

ይህ ማስረጃ የሚያስረዳው ለሯጭ ብዙ ገንዘብ በረጅም ውል ማሰር አደገኛ መሆኑን ነው። የነባሩን ተጠባባቂ ዋጋ ግን አያፈርስም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል። አንደርሰን በታኅሣሥ ወር ከመንገድ ተጠርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሰለፍ የቻለው ስድስተኛ ዓመቱን የያዘ፣ የጥሪውን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ማንን ማገድ እንዳለበት የማይጠይቅ ሰው ስለነበረ ነው። ጀማሪ ሯጭ ከሁሉ በፊት የሚቸገርበት ነገር ኳርተርባኩን መጠበቅ ነው። ኳሱ ሳይነሣ ከተከላካዮቹ አቋቋም ተነሥቶ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ማንበብ በፍጥነት አይገኝም፤ በዓመታት ይለመዳል እንጂ። ነባሩ በእግሩ የጎደለውን በዓይኑ ይሞላል።

በሌላው የመዝገብ ገጽ የሚጻፍ ዕዳም አለ። ተጠባባቂ ሯጭ እንደ ልማዱ ኳስ በሚመታበትና በሚመለስበት ጊዜ በሚሰለፉት ልዩ ጓዶች ውስጥ እንዲያገለግል ይጠበቃል። ያ ሥራ ፍጥነትና ያልደከመ አካል የሚጠይቅ ስለሆነ ዕድሜው የገፋ ሯጭ ብዙውን ጊዜ አይሠራውም። ስለዚህ ነባሩ ለያዛት ቦታ ቡድኑ ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ይከፍልበታል። ይህን ዕዳ ሳይቀንሱ የነባሩን ጥቅም ብቻ መደመር ገቢን ጽፎ ወጪን እንደ መርሳት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የደመወዙ ነገር ይመጣል። በአሜሪካ የፉትቦል ማኅበር ከ1994 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ በ2024 ጣሪያው 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከጣሪያው ሌላ እንደ አገልግሎት ዘመን የሚያድግ ዝቅተኛ ደመወዝም አለ። በ2024 የጀማሪው ዝቅተኛ ደመወዝ 795,000 ዶላር ሲሆን፣ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለው ግን 1,210,000 ዶላር ነበር። ይህ ድንጋጌ ነባሩን ለመጥቀም የወጣ ነው። ነገር ግን ብቻውን ቢተው ነባሩን የሚጎዳ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም በጣሪያ የታሰረ ቡድን በ415,000 ዶላር ርካሽ የሆነውን ጀማሪ መምረጡ አይቀርም። ሠራተኛው በማገልገሉ ያገኘው መብት ሥራ የሚያሳጣው ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ተዋዋዮቹ አንድ ብልሃት አበጁ። ቢያንስ 4 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች በዝቅተኛው ደመወዝ የአንድ ዓመት ውል ሲፈርም፣ እርሱ ሙሉ ደመወዙን ይቀበላል፤ በቡድኑ ጣሪያ ላይ የሚቆጠረው ግን የ2 ዓመት አገልግሎት ያለው ተጫዋች ደመወዝ ብቻ ነው። በ2024 ይህ 985,000 ዶላር፣ ማለትም ከጣሪያው ከግማሽ በመቶ በታች ነበር። ስለዚህ ነባር ተጠባባቂ ለቡድኑ ውድ ነው የሚለው አስተያየት በዚህ ደረጃ መሠረት የለውም። የሚይዘው ውድ ነገር ከ53ቱ አንዷ ቦታ ናት።

የጉዳዩ ሰብአዊ ገጽታም እዚሁ ላይ ይገኛል። በምልመላ የተመረጠ ወጣት ሯጭ የመጀመሪያ ውሉ 4 ዓመት ሲሆን ደመወዙም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አካሉ ትኩስ በሆነበት በዚያን ጊዜ ብዙ ይሮጣል፤ ብዙም ይመታል። ውሉ ሲያልቅና ዋጋውን ለመጠየቅ ሲቀርብ አካልህ አልቋል ይባላል። በ2023 ቡድኖች ለአንድ ዓመት ሊያስቀሩት ለሚፈልጉት ተጫዋች የሚከፍሉት የተወሰነ ደመወዝ ለሯጭ 10.091 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ፣ ኳስ መቺዎች ሲቀሩ ከሥራ ክፍሎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ነበር፤ በዚያው ክረምት ስመ ጥር ሯጮች በአደባባይ ቅሬታቸውን አሰምተዋል። ሌሎችን ሁሉ በአንድ ዕድሜ መፍረድም ትክክል አለመሆኑን ደሪክ ሄንሪ በ2024 በ30 ዓመቱ ለባልቲሞር ሬቨንስ 1,921 ያርድ በመሮጥ አሳይቷል። ፍራንክ ጎርም 16 ዓመት አገልግሎ ልክ 16,000 ያርድ ሞልቶ ነው የተሰናበተው። የዕድሜ ሠንጠረዥ ስለ ብዙዎች ይናገራል፤ ስለ አንዱ ሰው ግን ፍርድ ለመስጠት ያን ሰው ማየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ነባር ተጠባባቂ ሯጭን በትክክል ለመመዘን የሚፈልግ ሰው በቅደም ተከተል የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያ፣ ሰውዬው እንዲሠራ የተሰጠው ሥራ ምን ነበር? ሁለተኛ፣ ከተሰጠው ሥራ ምን ያህሉ ተሳካ? ሦስተኛ፣ ከዚህ ውጤት ለፊት መስመሩና ለጓደኞቹ የሚገባው ድርሻ ሲቀነስ የእርሱ የሚሆነው ስንት ነው? አራተኛ፣ እርሱ ባይኖር በቀረበው ዋጋ ማን ሊተካው ይችል ነበር፣ ምትኩስ እርሱ የማይሠራውን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበርን? አምስተኛ፣ ቋሚው ነገ ቢጎዳ ቡድኑ ሳይናወጥ ሊቀጥል ይችላልን? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አማካይ ያርድ ብቻውን አይመልስም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ቤቲስ በ2004 እና በ2005 መዝገቡ እንደሚያሳንሰው ያነሰ፣ ዝናው እንደሚያገንነውም የገነነ አልነበረም። ለቡድኑ ሜዳ የሚከፍት ሯጭ መሆኑ አብቅቶ ነበር፤ አሠልጣኙ ቢል ካወርም ያንን ሥራ ለወጣቱ ሰጡት። በሩን የሚዘጋ ሯጭ መሆኑ ግን አላበቃም ነበር፤ ያንን ሥራ ለእርሱ ተዉለት። የአሠልጣኙ ጥበብ ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ማየቱ ነው። አንድ ሰው ትናንት ይሠራው የነበረውን ዛሬ መሥራት ባለመቻሉ ብቻ ከመዝገብ እንዲሠረዝ ከመፈረዱ በፊት፣ ዛሬ ሊሠራው የሚችለው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ መልሱ “ምንም” ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሰናበት የመዛኙ ግዴታ ነው። ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍርድ ግን፣ ቁጥሩ ምንም ያህል የተጣራ ቢሆን፣ ምዘና ሊባል አይችልም።